ሰባት ቡችላ ተወለደብኝ፤ ለማን ልስጥ?

ለካ አጥራችን ቀዳዳ ነበረው። ከኋላ፣ ማገዶ ከሚቀመጥበት ጎን፣ ቆርቆሮው ከሥሩ ዝጎ ተበልቷል። ሚያዝያ ላይ ውሻዬ ሎሚ በዚያ ወጣች ወይስ ወንዶቹ ውሾች በዚያ ገቡ፣ አላህ ይወቀው። ሰኔ ማለቂያ ላይ ማገዶ ላወጣ ጎንበስ ስል ሰባት ቡችላ ተደራርበው ተኝተዋል። ሎሚ ያበሻ ውሻ ናት፣ ቢጫ። ልጆቿ ግን አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ እንደ ጀርመን ውሻ ጀርባቸው የጠቆረ፣ የቀሩት ቢጫና ነጭ ዝንጉርጉር። ጎረቤቶቼ «አባታቸው ማነው?» እያሉ ሳቁብኝ። አባቶቻቸው ቢሉ ይሻል ነበር። ውሻ በአንድ እርግዝና ከተለያዩ ወንዶች ልትወልድ ትችላለች።

ሰባቱም አሁን ቤት አላቸው። አንዱን ተሳስቼ ሰጥቼ መልሼ ወስጃለሁ፣ እሱን ወደኋላ እነግራችኋለሁ። ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ሁኑ ሐይቅ፣ ሳታስቡት ቡችላ ከተወለደባችሁ እኔ የሠራሁትንና ብሠራው ኖሮ የምለውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ አብሽሩ። እስክትሰጧቸው ስምንት ሳምንት አላችሁ። ሰው ግን ስምንት ሳምንት አይጠብቃችሁም። ዓይናቸው ሲገለጥ፣ ማለት በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ፣ «እንዳይለመድብሽ አሁኑኑ ስጪኝ» የሚል ይመጣል። በአራተኛው ሳምንት ምግብ መላስ ሲጀምሩ ደግሞ «ይኸው በላ አይደል» ይላችኋል። አትስጡ። ቡችላ ጥርሱን እስከ ምን ድረስ መጫን እንዳለበት የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። አብዝቶ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኽና ጨዋታው ይቆማል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ድሮ እናቴ ቤት አንዱን በአምስት ሳምንቱ ሰጥተን፣ አድጎ የልጆቹን እጅ እየነከሰ አስቸግሮ በመጨረሻ አባረሩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኛ ነን።

ደሴ ከሆናችሁ ብርዱን አትናቁት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ እኛ ጋቢ ደርበን እንኳ እንንቀጠቀጣለን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። ትልቅ ካርቶን፣ ከሥሩ ጆንያ፣ ከላይ አሮጌ ጋቢ፣ መሬቱ እንዳያቀዘቅዘው ከታች ጣውላ። በቃ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ጥላና ውኃ ላይ አስቡ።

ትል እንዳትረሱ። ቡችላ ገና በሆድ ሳለ ከእናቱ፣ ከተወለደ በኋላም በወተቷ ትል ይይዘዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፣ እናትየዋም አብራ ትወስዳለች። መጠኑ በክብደት ስለሆነ እያንዳንዱን በኩሽና ሚዛን መዝናችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ከብት ሐኪም ሂዱ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ለበግ የሚወጋውን አይቨርሜክቲን የሚባል የትል መድኃኒት «ትንሽ ጠብ አድርጊለት» የሚላችሁን አትስሙ። ለትልቅ ከብት የተዘጋጀ ነው፣ ቡችላ ላይ ትንሽ ስሕተት ይገድላል።

ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ይጀምራል። ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉት ገዳይ የውሻ በሽታዎች ነው፣ እስከ አራት ወር አካባቢ በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል። እሱን በየቦታው ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ደውላችሁ አጣሩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ አታጡም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን የሚሰጠው በሦስት ወሩ ነው። አስተውሉ፣ በሦስት ወሩ ቡችላው እናንተ ጋ የለም። ወሳጁ ነው የሚያስከትበው ወይ የማያስከትበው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ውሻም አይተርፍም። የሚወስደው ሰው ማንነት ላይ ይህን ያህል ሙጭጭ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

እስከዚያው ቡችሎቹን ከዓለም ጋር አስተዋውቋቸው። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር አካባቢ ያዩትንና የሰሙትን ብዙውን ጊዜ ሲያድጉ አይፈሩትም። ሕፃን ልጅ፣ ጃንጥላ፣ መጥረጊያ፣ ባጃጅ። የኛዎቹ አዛኑንም ቅዳሴውንም በድምፅ ማጉያ እየሰሙ ስላደጉ ከእንቅልፋቸው እንኳ አይነቁም።

አሁን ወደ ሰው ፍለጋው። ፎቶ አንሥታችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ እውነቱን ጻፉ። ሁለቱ የጠቆረ ጀርባ ስላላቸው ብቻ «የጀርመን ዘር» ብዬ ብጽፍ በአንድ ቀን ሃያ ሰው ይደውልልኝ ነበር፣ ግን ጀርመን ፈልጎ የወሰደ ሰው ጆሮው ወድቆ ሲቀር ውሻውን ምን ያደርገዋል? «ዲቃላ ናቸው፣ አባታቸው አይታወቅም፣ እናታቸው ሃያ ኪሎ አትሞላም፣ ማታ በደንብ ትጮኻለች» ብዬ ጻፍኩ። የደወሉት ስምንት ናቸው። ስምንት ይበቃል።

«በነጻ» አትበሉ። ወስዶ የሚሸጥ አለ። እኔ የክትባቱንና የትሉን መድኃኒት ወጪ ብቻ አስከፈልኩ። ያችን ለመክፈል ያንገራገረ ሰው በሦስት ወሩ ለክትባት ኪሱ ይገባል ብዬ አላምንም።

ሰው ሲደውል ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። ጊቢ አለህ ወይ፣ ልጆች አሉሽ ወይ፣ ሁሉም ሰው ደኅና መልስ ያውቅበታል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነው፦ የበፊቱ ውሻችሁ የት ደረሰ?

አንድ ወጣት ደወለ። ሁለት ወንድ ይፈልጋል፣ ቶሎ። ጠየቅሁት። «ጠፋ» አለ። ከሱ በፊትስ? «እሱን መኪና ገጨው።» ከሱ በፊት የነበረውስ? ትንሽ ዝም አለና ሳቀ፣ «እህቴ፣ ምርመራ ነው እንዴ?» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። በሩ ክፍት ውሎ የሚያድር ቤት ነው እንጂ። በሩን አሠርተህ ደውል አልኩት፣ እስካሁን አልደወለም።

ሰኞ ገበያ ውለው ሲመለሱ የመጡት እትዬ ደግሞ ቁጭ ብለው ቡና እስኪፈላ ጠበቁ። ሳልጠይቃቸው ስለ ድሮው ውሻቸው ጀመሩ። አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። በመጨረሻ ዓይኑ ጠፍቶ ምግቡን በእጃቸው ያቀርቡለት ነበር፣ ጓሮ ጌሾው ሥር ነው የተቀበረው። ይህን ሲሉኝ ከሴቶቹ ቡችሎች ትንሿ ነጠላቸውን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች። የመጡት ለወንድ ነው። በረካው ሳይቀዳ «ይቺንማ ማን ይሰጥብኛል» አሉ። ለእሳቸው ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

ዋናው ጣጣ የሴቶቹ ነው። ከሰባቱ አራቱ ሴት ናቸው። ሁሉም የሚጠይቀው «ወንድ አለ?» ነው። «ሴት ትወልድብኛለች» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ እኔስ ምን ሆንኩ። ሴቶቹ በጆንያ ተቋጥረው ወንዝ ዳር የሚጣሉትም ለዚሁ ነው። እኔ ያደረግሁት ፎቶው ላይ ጾታ አለመጻፍ ነው። ሲጠይቁኝ አልዋሽም፣ ግን መጥታችሁ እዩዋቸው እላለሁ፤ የመጣ ሰው ጾታውን ትቶ የምትከተለውን ያያል። ጥበቃ ላይ ሴት ከወንድ አታንስም፣ ሎሚን ያየ ይመስክር። የሚከብደውንም ነገር አልደብቅም፦ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። የሚያመክን ሐኪም ካገኛችሁ ያ ነው መፍትሔው። ካልሆነ እነዚያን ሳምንታት ቤት ውስጥ መዝጋት ነው፣ ጊቢ አይበቃም፣ አጥር ለውሻ ሰርግ ምኑም አይደለም። ሴቶች የሚወጉትን የወሊድ መከላከያ መርፌ ለውሻ የሚወጉም አሉ። ማሕፀኗ መግል ይቋጥራልና አይሞከር።

ከአራቱ አንዷን የወሰዱት አያ ናቸው፣ ከኛ በታች ያሉ ጎረቤታችን፣ ሰጋጅ ሰው። መጀመሪያ አፍሬ አልጠየቅኋቸውም ነበር። እሳቸው ናቸው የመጡት። ውሻን ለጥበቃና ለከብት መያዝ እንደሚፈቀድ ነገሩኝ፣ ምራቋ ልብስና ዕቃ እንዳይነካ ብቻ ይጠነቀቃሉ። መኝታዋን ከበሩ አጠገብ ከብሎኬት ሠርተው፣ የራሷን ሳሕን ገዝተው ነው የወሰዷት። እንዲያውም ከብዙ ሰው የተሻለ ቤት ነው የሠሩላት። ሰውን በሃይማኖቱ አስቀድማችሁ አትቁረጡት። የቤቱ ሰው ሁሉ ተስማምቶ እንደሆነ ግን ጠይቁ፣ አያትየው የማይፈልጓት ውሻ አትከርምም።

ተከራይ ከሆነ አከራዩን አነጋግሩ። ጸሐፊ ሆነ መምህር ለውጥ የለውም። «አከራዬ ምንም አይሉም» ማለትና አከራዩ ራሳቸው «እሺ» ማለት የተለያየ ነገር ነው።

ገጠር፣ ኩታበር ወይ ቦሩ ሜዳ ለበግ ጥበቃ የሚወስዱ ጥሩ ሰዎች አሉ፣ ውሻውም ደስ ብሎት ይኖራል። ሁለት ነገር አስምራችሁ ንገሯቸው። አንደኛ፣ በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ አይወርወር፣ ለፋሲካም ይሁን ለአረፋ። ያ ቋጠሮ የትል ዕጭ ነው። ውሻው ይበላዋል፣ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ከሣር ወደ በግ፣ ከእጅ ደግሞ ወደ ሰው ይገባል፤ ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ዓመታት ያድጋል። ይቀበር ወይ ይቃጠል። ሁለተኛ፣ ወደ ቦረና ሳይንት ወይ ወደ አቡነ ዮሴፍ ደጋ የሚሄድ ቡችላ ሳይከተብ አይሂድ። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ነው ቀበሮዎቹን የሚፈጃቸው፣ ዓለም ላይ ያሉት ደግሞ እኛው ኢትዮጵያ ያሉት ብቻ ናቸው።

አሁን ስሕተቴን ልንገራችሁ። ጥቁሩን ወንድ ኮምቦልቻ ለሚገኝ መጋዘን ሰጠሁ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ጥያቄዬን በሙሉ መለሰ፣ የበፊቱ ውሻ በእርጅና እንደሞተ ነገረኝ። ቦታውን ግን ሄጄ አላየሁም። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ መመለስ ሰነፍኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወርጄ ጎራ ስል ቡችላው ከቆርቆሮ ግድግዳ ሥር፣ አንድ ሜትር በማትሞላ ገመድ፣ ፀሐይ ላይ ታስሯል። የውኃው ጣሳ ተገልብጦ ደርቋል። ዘበኛው «ሲያድግ ክፉ እንዲሆን ነው» አለኝ፣ በቅን ልቡና። ገመዱን ፈትቼ በጃኬቴ ጠቅልዬ ወሰድኩት፣ ማንም አልከለከለኝም። ከዚያ ወዲህ ሳላይ አልሰጥም። ስትሄዱ የምታዩት፦ በሩ ይዘጋል ወይ፣ ዝናብና ፀሐይ የማይነካው መኝታ የት ነው፣ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይታያል ወይ፣ ከሆነስ ለስንት ሰዓት። ጊቢው ውስጥ ሌላ እንስሳ ካለ እሱን እዩት። የዶሮዎቹ ውኃ ንጹሕ ከሆነ የውሻውም ይሆናል።

የምታስረክቡበት ቀን በዓል ባይሆን ይመረጣል። የኛዎቹ ስምንት ሳምንት የሞላቸው ነሐሴ ማለቂያ ስለነበር «ለእንቁጣጣሽ ለልጄ ስጦታ» ያለ ሰው መዓት ነው። መስከረም አምስት ኑ አልኳቸው። የመጡት ሁለት ናቸው። መንገድ የሚሄድ ከሆነ ከጉዞው ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት አታብሉት፣ ሐረጎ ላይ ሚኒባስ ውስጥ የሚያስታውክ ቡችላ ያየ ያውቀዋል። እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቆርጣችሁ ካርቶኑ ውስጥ አድርጉለት። የለመደውን ምግብ ለሦስት ቀን የሚሆን ስጡ፤ የኛዎቹ ሩዝ በሥጋ ቀቅለን ነበር የምንሰጣቸው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለቱም ለውሻ መርዝ ናቸውና የወጥ ፍርፍር እንዳይለመድ ንገሩ። የዶሮ አጥንትም እንዳይሰጡት ንገሩ።

ወረቀትም አጻፍኩ፣ ሳቁብኝ። ግማሽ ገጽ ናት። የትሉና የክትባቱ ቀን፣ የሦስት ወሩ ክትባት መቼ እንደሚውል፣ የሁለታችን ስልክ፣ ታች ላይ «ማሳደግ ካልቻልኩ ለሌላ አልሰጥም፣ አልጥልም፣ ለእሷው እመልሳለሁ»። ፍርድ ቤት አያስኬድም። ፈርሞ የሄደ ሰው ግን ሲቸገር ለመደወል አያፍርም፣ ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው።

በማግስቱ ደውሉ፣ መጀመሪያው ሌሊት ማልቀሱ ስለማይቀር ብቻውን በረንዳ እንዳያሳድሩት ንገሯቸው። ከዚያ በሳምንቱ። ከዚያ ሦስት ወር ሲሞላው ስለ ክትባቱ። ሴቶቹን ለወሰዱት ስድስተኛው ወር ላይ አንድ ተጨማሪ ስልክ አለባችሁ፣ አጥሩን ዞረው ከሥሩ እንዲያዩ። የኛን ቀዳዳ ባለፈው ሳምንት በብሎኬት ዘጋሁት። ሎሚ ሙሉ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጣ ስታየኝ ነበር።