ቋሚው ሲበሰብስ፦ የጥንት የእንግሊዝ የእንጨት ቤት ችግርና መፍትሄ

በእንግሊዝ በዮርክ ከተማ ሻምብልስ በሚባለው መንገድ ወይም በላቨናም መንደር ያሉት ያረጁ የእንጨት ቤቶች፣ ብዙዎቹ ታች ሱቅ ላይ መኖሪያ፣ አሠራራቸው ለኛ እንግዳ አይደለም። ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ የተጠረበ ቋሚና አግዳሚ ይቆማል። መሀሉ በቀጫጭን እንጨት ይማገራል። በጭድና በእበት የቦካ ጭቃ ይመረግበታል፤ ላዩ ኖራ ይቀባል። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል።

የታችኛው እንጨት ይፈረፈራል
ዝናቡን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ ስንት መቶ ዓመት ዘንቦበታል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲሚንቶን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎች "ይጠነክራል" ብለው በኖራው ፋንታ ሲሚንቶ ለሰኑ። ኖራ የጠጣውን ውሃ ነፋስ ሲያገኝ መልሶ ይተፋል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው። ኦኩ ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው ከዳሩ ይላቀቃል፤ በስንጥቋ የሰረገው ውሃ መውጫ ያጣል።

መፍትሄው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ቀስ ብሎ ማንሳት፤ በማሽን ከሆነ እንጨቱም ይጎዳል። ከዚያ ወራት ቢፈጅም ማድረቅ። የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ አዲስ ኦክ መቀጠል፣ ክፍተቱን በኖራ መለሰን። የመንገዱ አፈር ከፍ ብሎ እንጨቱን ቀብሮት ከሆነም አፈሩን ዝቅ ማድረግ ነው።

በእንግሊዝ ጸደይ (ሚያዝያ አካባቢ) ከእንጨቱ ውስጥ ኳ ኳ ይላል
ጥንዚዛ ነው፤ በጭንቅላቱ እየደበደበ ጓደኛ ይጣራል። ሲወጣ 3 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ይተዋል። የሚወደው እርጥበትና ሻጋታ የነካውን ኦክ ስለሆነ፣ መድኃኒት ከመርጨት በፊት የሚያፈሰውን ጣሪያና አሸንዳ ጠግኑ።

ወለሉ ዘሟል
ቤቱ የተሠራው ባልደረቀ ኦክ ነው፤ ሲደርቅ ተጣመመ። ተዉት።

ከሱቁ በላይ ያለው ፎቅ ይሰምጣል
ይሄ ግን አይተውም። ብዙ ጊዜ የቀድሞ ነጋዴ ሰፊ መስኮት ፈልጎ ቋሚ ቆርጧል ማለት ነው። ዛሬውኑ ከሥሩ ድጋፍ አድርጉለት፤ የጥንት ቤት የሚያውቅ መሐንዲስ ጥሩ። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ደግሞ ሳያስፈቅዱ መለወጥ ወንጀል ነው። "እኔ ተከራይ ነኝ" ማለት አያድንም።