ጆንያው ለምን ተመለሰ? የፀጉር ቤት ባዶ ዕቃ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ የሻምፖ፣ የሎሽንና የቅባት ባዶ ዕቃ ከፀጉር ቤትና ከየቤቱ ሰብስበው ለቆራሌው ወይም በቀጥታ ለፕላስቲክ መፍጫ ቤት ለሚያስረክቡ ነው። ሀይላንድን ከጀሪካን መለየትና ከዕቃው ሥር ያለውን ቁጥር ማንበብ (1 የሀይላንዱ ፕላስቲክ ፔት፣ 2 ጠንካራው ፖሊኢታይሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን) አያቅታችሁም ብዬ አልፌዋለሁ።

ምልክት፦ ጠርሙሱ ታጥቧል፣ ተለይቷል፤ መፍጫ ቤቱ ግን አልቀበልም አለ።

ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ፓምፑን እዩ። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነገሩ ፕላስቲክ ይመስላል። ስትሰነጥቁት ግን መሀሉ ላይ የብረት ሞላ አለ፤ ከሞላው ሥር ብዙ ጊዜ ከአተር የማትበልጥ የመስታወት ወይም የብረት ኳስ ትንከባለላለች። አካሉ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ወደ ታች የሚወርደው ቀጭን ቱቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊኢታይሊን። ሞላው መፍጫው ውስጥ ሲገባ የቢላውን ስለት ይሸርፈዋል። ቢላው እስኪሳል ማሽኑ ቆሞ ይውላል፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ግን አይቆምም። ስለዚህ ባለ መፍጫው አንድ ሞላ ካገኘ የቀረውን ቁጭ ብሎ አይለቅምላችሁም፤ ጆንያውን እንዳለ ያሸክማችኋል። አንድ የማውቀው ባለ መፍጫ ከቢላው ሥር የለቀማቸውን ሞላዎች በጣሳ አጠራቅሟል፤ የሻምፖ ጠርሙስ ይዞ የመጣ ሰው ሲያይ ገና ከበሩ ጣሳውን ያንቃጭልበታል።

ብልጦችም አሉ። ፓምፑን ነቅለው ኪሎ እንዲያነሳ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ይከቱትና በክዳን ይዘጉታል። በአንድ ሰው ጆንያ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ተገኝቶ የሰፈሩ ሰብሳቢ ሁሉ «የእናንተን አንወስድም» ተብሎ ከርሟል። ለስንት ግራም ነው?

መፍትሄ፦ ፓምፑን ከነቱቦው አሽከርክራችሁ አውጡና ለብቻው ጆንያ አድርጉ። ቱቦው ተበጥሶ ውስጥ እንዳይቀር ጠርሙሱን ገልብጣችሁ አራግፉት። ፓምፑን መፍታት የሚያዋጣው ብዙ ሲጠራቀም ብቻ ነው፦ የሚጫነውን ጭንቅላት በጉጠት ይዛችሁ ወደ ላይ ትነቅላላችሁ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለበት በካቻቢቴ ትፈለቅቃላችሁ፣ ሞላውና ኳሷ ይወጣሉ። ሞላው ተስፈንጥሮ ዓይን ይመታል፤ ፌስታል ውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁ ፍቱት። በማግኔት ፈትሻለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትመኑት፤ የማይዝግ ብረት ሞላ ማግኔት በደንብ ላይዘው ይችላል። በጣት እየተሳበ የሚረጨውም መርጫ ሞላ አለው። ቱቦ የሌለው፣ ሥሩ እያደር ወደ ላይ የሚወጣው የውድ ክሬም ፓምፕ ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

ምልክት፦ የተፈጨው ታጥቦም እጅ ላይ ይሙለጨለጫል።

ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ስትፈትጉት ብትውሉ ቅባቱን ከዕቃ ዕቃ ታዞሩታላችሁ እንጂ አይለቅም። መጀመሪያ በደረቁ፣ በሰጋቱራ ወይም በአሮጌ ጋዜጣ ጥረጉት፤ ከዚያ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና። የፈላ ውኃ አይሁን፤ ፔት ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ይኮማተራል። የጠረጋችሁበትን ሰጋቱራ ከከሰል ምድጃ አርቁት። ቅባቱን ወደ ቦይ አትድፉ፤ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ይደፍነዋል።

የሪላክሰር ዕቃ ግን ከዚህ ይለያል። ውስጡ የሚቀረው ፀጉርን የሚያለሰልስ ኃይለኛ አልካላይ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ያለ ጓንት አትንኩ። ልጆች አያጥቡት። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ፀጉር ቤቶች ሊሰሙት ስላልፈለጉ። የተበጠበጠ ቀለም (ቀለሙና ፐርኦክሳይዱ አንድ ላይ የሆነው) ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣችሁ ክዳን አትክደኑ። ጋዝ እየሠራ ይሄዳል። አንዲት ረዳት ከየሳህኑ የተረፈውን አጠራቅማ በኮንዲሽነር ጠርሙስ ዘግታው ጠርሙሱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ዕቃ ቤት ውስጥ ፈነዳ፤ ጥቁሩ እስከ ጣሪያው ተረጨ። ግድግዳው ሁለቴ ቀለም ተቀብቶም አሁንም ይታያል።

ምልክት፦ ጥርት ያለ ጠርሙስ ከሀይላንድ ጋር ተቀላቅሎ ሙሉው ተመለሰ።

ሀይላንድ የሚገዛው ሀይላንድ ብቻ ነው የሚፈልገው። የመዋቢያ ጠርሙስ ከፔት የተሠራ ቢመስልም ፔትጂ የሚባለው ዘመዱ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የተፈጨው ፕላስቲክ በሚደርቅበት ማሽን ውስጥ ቶሎ ለስልሶ የቀረውን እያጣበቀ ድብልብል ያደርገዋል። በውኃ መለየትም አያዋጣም፤ ፔት፣ ፔትጂና ፒቪሲ (የቧንቧው ፕላስቲክ) ሦስቱም ይሰምጣሉ። ወፍራምና ከበድ ያለ የክሬም ዕቃ ካያችሁ ዝም ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡት።

ቲዩብ፦ ጨብጣችሁ ልቀቁት። እንደተጨማደደ ከቀረ አሉሚኒየም አለበት፤ ከፕላስቲክ ጋር አትቀላቅሉት። ተመልሶ ከተነፋ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ወገቡን ቆርጣችሁ እጠቡት።

ጥቁር ጠርሙስ፦ እኛ ጋ በእጅ ስለሚለይ ይሸጣል፣ በርካሽ። አውሮፓና አሜሪካ ላላችሁ ግን በካርቦን የጠቆረውን የመለያ ማሽኑ ኢንፍራሬድ ጨረር አያየውም፣ ሊፕስቲክን የመሰለ ትንሽ ዕቃም ከወንፊቱ ሥር ይወድቃል።

ዲዮድራንትና የፀጉር ስፕሬይ፦ የሚገፋው ጋዝ ብዙ ጊዜ ቡቴንና ፕሮፔን ነው። ድምፁ እስኪጠፋ ውጭ ሆናችሁ አስወጡት። አትብሱት፣ አትጨፍልቁት፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። አትብሱት ብያለሁ።

የጥፍር ቀለም፦ ፈሳሹ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ብልቃጡም ከቀለሙ ስለማይጸዳ ማንም አይገዛውም።

የሽቶ ብልቃጥ፦ አንገቱ ላይ የተጨመቀውን አሉሚኒየም በጉጠት ገንጥሉ። ስም ያለው ሽቶ ከሆነ ከነክዳኑና ከነካርቶኑ ለማንም አትስጡ፤ ሌላ ነገር ተሞልቶ በውድ ዋጋ ለእናንተው ሊሸጥላችሁ ይችላል።

የሻምፖ ሳሼ፦ ገዢ የለውም። ስስ ሽፋኖች ተደራርበው የተጣበቁበት ስለሆነ አይለያይም። ፀጉር ቤቱ በሳሼ መግዛቱን ትቶ በጋሎን እንዲገዛ ንገሩት፤ ጋሎኑን ቆራሌው ሳይከራከር ይወስደዋል።