የመኪና ምዝገባ ክፍያ በዝቶብዎ ገንዘብዎን ሲያስመልሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምዝገባ ክፍያ ከብዙ መረጃ ተሰልቶ የሚወጣ ሒሳብ ነው። የሞተር መጠን፣ ክብደት፣ የሥሪት ዘመን፣ የነዳጅ ዓይነት፣ መኪናው የግል ነው ወይስ የንግድ የሚለው፣ አንዳንድ ቦታም ዋጋውና የሚያወጣው ጭስ ይታያል። ከእነዚህ አንዱ ተሳስቶ ከገባ ድምሩ ይዛባል። ስህተቱ ግልጽ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ግን ብዙ ነው፤ አቤቱታው ራሱ ከመነሻው ስለሚበላሽ።

«በዛብኝ» ብሎ መሄድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ «በዛብኝ» ለሚል ሰው መልሱ የታወቀ ነው፦ «ሲስተሙ ያወጣው ነው።» አልዋሸም። ሲስተሙ የተሰጠውን ደምሮ አወጣ፤ የተሰጠው ምን እንደነበር ማጣራት የእርስዎ ሥራ ነው። የክፍያ ዝርዝሩን ይውሰዱ፣ የታሪፍ ሠንጠረዡን ጎኑ ያስቀምጡ፣ መስመር በመስመር ያመሳክሩ። «ስህተቱ እዚህ ጋ ነው» ብለው ጣትዎን ማሳረፍ ካልቻሉ ለመሄድ አይቸኩሉ።

ከሞተር መጠን ይጀምሩ። በሰው አፍ «1.3» የሚባል ሞተር 1,298 ሲሲ ሊሆን ይችላል፤ 1,329 ሲሲም ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡ 1,300 ላይ የሚቆርጥ ከሆነ ሁለቱ የሚገቡት የተለያየ እርከን ውስጥ ነው። ክፍያው በጉልበት የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ መለኪያውን ይዩ። አንድ ኪሎ ዋት 1.36 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። የ90 ኪሎ ዋት መኪና 122 የፈረስ ጉልበት ይሆናል ማለት ነው። ይህ 122 «ኪሎ ዋት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከተጻፈ መኪናዎ በወረቀት ላይ ከሲሶ በላይ ጉልበት ጨመረ፤ ሒሳቡም አብሮት ያብጣል።

ክብደት ላይም እንዲሁ ነው። ባዶ ክብደትና ከነሙሉ ጭነቱ የሚፈቀደው ክብደት ይምታታሉ። ዘመን ላይ ደግሞ የተመረተበት ዓመት፣ የሞዴል ዓመትና መጀመሪያ የተመዘገበበት ዓመት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደንቡ የትኛውን እንደሚል አይተው ይሂዱ።

የሻንሲ ቁጥሩንም አይዝለሉ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተለመደው ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ። ሊብሬው ላይ በዚህ ቁጥር ውስጥ «ኦ» ካዩ ዜሮ መሆን የነበረበት ነው። አንድ ፊደል ስትሳሳት መዝገቡ መኪናዎን ላያገኘው ወይም ከሌላ ሊያደባልቀው ይችላል።

የማያውቀውን ቢሮ ገንዘብ መጠየቅ

አንድ ቀን የከፈሉት ሁሉ የምዝገባ ክፍያ አይደለም። የሰሌዳ ዋጋ፣ የቴክኒክ ምርመራ፣ ኢንሹራንስ፣ ግብር፣ ቅጣት፣ ሁሉም በየራሱ ኪስ ይገባል። አንዱ የወሰደውን ሌላው አይመልስም። በተለይ ምዝገባውን የጨረሰልዎ መኪና ሻጩ ወይም ጉዳይ አስፈጻሚ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ የቆረጠውን ደረሰኝ አምጣ ይበሉት። እርስዎ የሰጡት ገንዘብ ደረሰኙ ላይ ካለው ከበለጠ ልዩነቱ ያለው እሱ ጋ ነው። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ መመላለሱ ውሃ ወቀጣ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የዘገዩበት ቅጣት በመቶኛ የታሰበ ከሆነ ዋናው ክፍያ ሲቀንስ እሱም መቀነስ አለበት። እዚያው ማመልከቻ ላይ አብረው ይጠይቁ፤ ራሱ አስቦ የሚመልስልዎ ሰው አይጠብቁ።

ተናዶ አለመክፈል

«እስኪያስተካክሉ አልከፍልም» ማለት ደስ ይላል። ግን ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት ይከተላል፤ ምዝገባው ያልታደሰ መኪና ይዞ መንገድ ላይ መያዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ደንቡ ክርክሩ እስኪያልቅ ክፍያውን የሚያቆም ካልሆነ በቀር፣ ቅሬታ እንዳለዎት በጽሑፍ አስፍረው ይክፈሉና ይከራከሩ።

በቃል መተማመን

«እናየዋለን፣ ይደወልልዎታል» ማስረጃ አይሆንም። ማመልከቻው በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ ቀን፣ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ያስመቱበት። ዋናውን ደረሰኝ አያስረክቡ፤ አሳይተው ኮፒውን ይስጡ።

ቀኑን ማሳለፍ

ተመላሽ የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ አለው። ብዙ ቦታ የሚቆጠረውም ከከፈሉበት ቀን ነው፤ ስህተቱን ካወቁበት ቀን ነው ብለው አይዘናጉ። ለምሳሌ ከውጭ የገባ መኪና ፖላንድ ውስጥ መጀመሪያ ሲመዘገብ ይሰጥ ለነበረው የተሽከርካሪ ካርድ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 500 ዝሎቲ ይከፈል ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጥር 2006 ይህ ክፍያ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወደ 75 ዝሎቲ ወረደ። ብዙ ባለመኪኖች 425 ዝሎቲውን ልዩነት ፍርድ ቤት ከስሰው አስመለሱ። ይርጋው፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ስለነበር ግን ሳይጠይቁ የቆዩት ሕጉ ከእነሱ ጋር እያለም ገንዘባቸው ቀረ። የእርስዎ ቦታ ገደብ ከዚህ እጅግ ያጠረ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ።

ገንዘቡን ተቀብሎ መዝገቡን መርሳት

ይሄ የሚያበሳጭ ነው። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ሰውዬው ደስ ብሎት ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት እድሳት ሲመጣ ያው የተጋነነ ቁጥር ጠበቀው። ተመላሹ የሒሳብ ክፍል ሥራ ነው፤ መረጃውን ማረም የመዝገብ ክፍል ሥራ ነው። ሁለቱ የግድ አይነጋገሩም። ስለዚህ ሁለቱንም ለይተው ይጠይቁ፤ የታረመውን ሊብሬ በእጅዎ ይዘው ይውጡ። ስህተቱ ካለፉት ዓመታት ጀምሮ ከነበረ የእነሱንም ደረሰኝ አውጥተው ያያይዙ።

«ተመላሽ አለዎት» የሚል መልእክት

ሳይጠይቁ ስልክዎ ላይ ሊንክ ልኮ የካርድ ቁጥርና የምስጢር ኮድ የሚፈልግ ሰው አጭበርባሪ ነው። ገንዘብ ለመመለስ የምስጢር ቁጥርዎ አያስፈልግም። አለመንካት ነው።

ተመላሹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ደረሰኙ ላይ ባለው ስም ነው። በዘመድ ስም ከፍለው ከሆነ ውክልና ያዘጋጁ። መኪናውን እየሸጡ ከሆነም ተመላሹ የማን እንደሚሆን ውሉ ላይ ያስገቡት።