የሞንድሪያን ዛፍ የት ገባ? አብስትራክት መልክዓ ምድር ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አብስትራክት መልክዓ ምድር ማለት ተፈጥሮን እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ ወደ ቅርጽና ቀለም የሚቀይር ሥዕል ነው። እሱን ስናይ ትልቁ ስህተት «እነዚህ ሰዓሊዎች ተፈጥሮን ንቀው ተዉት» ብሎ ማሰብ ነው። ሆላንዳዊውን ፒት ሞንድሪያንን እንውሰድ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ አራት ማዕዘኖቹ ነው። ከእነሱ በፊት ግን ለዓመታት ዛፍ ሲሥል ነበር። ሦስቱን ዛፎቹን በስልካችሁም ቢሆን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1908 በጀመረው «ቀዩ ዛፍ» ላይ ግንዱም መሬቱም በደንብ ይለያሉ። በ1911 «ግራጫው ዛፍ» ላይ ቅርንጫፎቹ ቅስት እየሆኑ ይሄዳሉ። በቅርንጫፎቹ መሃል ያለው አየር ራሱ እንደ እንጨቱ በወፍራም ቀለም ተሥሏል። እኔን ሁሌም የሚያስቆመኝ ይሄ ነው። በ1912 «ያበበው የፖም ዛፍ» ላይ የቀሩት ቅስቶቹ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ዛፉን አጥብቆ ባየ ቁጥር ነው ከሸራው ላይ የሚቀንሰው ነገር የበዛው።

«መሣል ስለማይችሉ ነው» የሚለውም አያስኬድም። ሞንድሪያን ከ1892 ጀምሮ አምስተርዳም በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የተማረ ሰው ነው።

ሌላው ስህተት ሥዕሉን እንደ እንቆቅልሽ መፍታት ነው። ሩሲያዊው ሰዓሊ ካንዲንስኪ ከ1908 ጀምሮ በደቡብ ጀርመን የምትገኘውን ትንሿን ከተማ ሙርናውን ደጋግሞ ሥሏል። በ1910 ከሠራቸው በአንዱ ላይ የቤተ ክርስቲያን ማማ አለ። ተመልካቹ ማማውን ያገኝና «አሃ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ያልፋል። እዚያ ላይ ማቆም ያሳዝናል። ከማማው በኋላ ቀለሞቹን ተከተሉ። የቱ ወደ ፊት ይመጣል? የቱ ወደ ኋላ ይሸሻል? «ምንም ነገር የለበትም» ማለትም ያው ስህተት ነው። በ1912ቱ «ኢምፕሮቪዜሽን 26» ላይ ጀልባ አለ፤ ሰያፍ የሆኑት ጥቁር መስመሮች መቅዘፊያዎች ናቸው።

ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሴዛን በመጨረሻ ዓመታቱ በደቡብ ፈረንሳይ ያለውን የሴንት ቪክቷርን ተራራ ሲሥል ቀለም ያልነካው ሸራ ይተው ነበር። «አልጨረሰውም» ለማለት አትቸኩሉ። በእርግጥ ሳያልቁ የቀሩ አሉ። ብዙ ቦታ ላይ ግን ባዶው ሸራ የብርሃንን ሥራ ይሠራል።

ብርሃኑ ከየት እንደመጣ መፈለግም ያደክማል። ሌላው ፈረንሳዊ ሰዓሊ ብራክ በ1908 በፈረንሳይዋ ወደብ ከተማ በማርሴ አጠገብ ባለችው ሌስታክ የሣላቸውን ቤቶች እዩ። በር የላቸውም፣ መስኮት የላቸውም፣ ጥላቸውም በአንድ አቅጣጫ አይወድቅም። ፀሐይዋን ተዉአትና የቤቶቹን ጠርዝ ተከተሉ። ከኋላ ያለው ቤት ከፊተኛው እኩል ወደ እኛ ይገፋል።