ባትሪው አልሞተም፤ አፑ ነው የሚበላው

የስልክ ባትሪ ቶሎ ሲያልቅ ብራይትነስ ቀንሱ፣ ሪስታርት አድርጉ የሚለውን ምክር ታውቁታላችሁ፤ ዘልዬዋለሁ።

ምልክቱ፦ ስልኩ ኪስ ውስጥ እንደተቀመጠ ይሞቃል። ማታ 80 ፐርሰንት የነበረው ጠዋት 30 ሆኖ ይገኛል።

ጂማ ውስጥ ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ "ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ" ነው የሚለው። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ምንም አልሆነም። ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ አንድ አፕ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የስልኩን አንጎል፣ እንዳይተኛ ይዞታል። ዌክ ሎክ ይባላል። ዘፈን እየሰማችሁ ከሆነ ያስፈልጋል። ሥራውን ጨርሶም የማይለቅ አፕ ግን ባትሪውን ሲጠጣ ያድራል።

ፕሌይ ስቶር ይህን ይቆጣጠራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ያለበቂ ምክንያት በድምሩ ከ2 ሰዓት በላይ ዌክ ሎክ የሚይዝ አፕ ከልክ አልፏል። ይህ በብዙ ተጠቃሚዎች ላይ ከተደጋገመ፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 2026 ጀምሮ ስቶሩ አፑን ከሚጠቁማቸው ዝርዝሮች ሊያወጣው፣ ገጹ ላይም ማስጠንቀቂያ ሊለጥፍበት ይችላል። የአፕል ደንብም ባትሪ ቶሎ የሚጨርስና ስልክ የሚያግል አፕ አይፈቅድም። ስልኩ ላይ ክሪፕቶ ማይን የሚያደርግ፣ ማለትም በስልኩ ጉልበት ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት አፕ በሁለቱም ክልክል ነው።

ታዲያ እኛ ጋ ማን ገጹን ያነባል? አፑ በቴሌግራም ይላካል፣ ወይ ሱቅ ሄደን "ጫንልኝ" እንላለን። ከአጋሮ የመጣ አንድ ቡና ነጋዴ ባትሪ ቀይሮ፣ ደግሞ ቀይሮ፣ ስልኩ ያው ነበር። ከፍቼ ሳየው የሚበላው "ባትሪ ቆጣቢ" የሚባል አፕ ነው! ስልኩን ሲገዛ ሻጩ የጫነለት። አንኢንስቶል የሚለው ደብዝዞ አልነካ አለ። አፑ የዲቫይስ አድሚን፣ ማለትም ስልኩን የማስተዳደር፣ ፈቃድ ወስዶ ነበር። መጀመሪያ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብቼ ፈቃዱን ነጠቅኩት፤ ከዚያ በኋላ ወጣ።

እናንተም ሴቲንግ፣ ባትሪ፣ ዩሴጅ ብላችሁ ግቡ። ሳትከፍቱት ላይኛው መስመር ላይ የተቀመጠ አፕ ካለ እሱ ነው። የማትፈልጉት ከሆነ አጥፉት። የምትፈልጉት ከሆነ አፕዴት አድርጉ፤ ካልተሻለው ሪስትሪክትድ አድርጉት፤ ሳትከፍቱት ከጀርባ እንዳይሠራ ይገድበዋል። ቴሌግራምን እንዲህ ካደረጋችሁ ግን መልእክት ዘገየ ብላችሁ እኔ ጋ እንዳትመጡ።

አፖችን በየደቂቃው ጠርጎ መዝጋት ይቅር። እንደገና ሲነሱ የበለጠ ይበላሉ።

ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪ ይጨርሳል። እዚህ ላይ አፑ ጥፋት የለበትም።

ባትሪው ካበጠ ስልኩን ወዲያው አጥፉት። ቻርጅ አታድርጉ፣ አትጫኑት፣ በመርፌ አትውጉት። ስትቀይሩም 5000 (mAh፣ የባትሪው አቅም) ተብሎ ተጽፎበት፣ ሲያነሱት ግን እንደ ላባ የሚቀለውን ባትሪ አትግዙ።