ሙቀት ለማያባክን ትንሽ ቤት የቱ ማናፈሻ ይሻላል?

በቀዝቃዛ አገር አዲስ የተሠራ ወይም የታደሰ ቤት ሲገቡ በበሩም ሆነ በመስኮቱ ስር ነፋስ የለም። ለማሞቂያ ወጪ ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ ከሻወር፣ ከድስት፣ ቤት ውስጥ ከተሰጣ ልብስና ከትንፋሽ የሚነሣው እንፋሎት መውጫ ማጣቱ ነው፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ ባለው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆንና ይሻግታል። እንዲህ ያለ ቤት አየሩን በማሽን መለወጥ አለበት።

ዕቃ ከማማረጥዎ በፊት ያስሉ። ለአንድ ሰው በሰዓት 30 ሜትር ኩብ አየር ይያዙ፤ ለሁለት ሰው 60 ይሆናል። ከዚያ በቤቱ መጠን ያመሳክሩት፦ 50 ካሬ ሜትር ወለል በ2.5 ሜትር ከፍታ 125 ሜትር ኩብ ነው፤ የዚህ 40 በመቶ በየሰዓቱ ቢለወጥ 50 ሜትር ኩብ ይመጣል። ከሁለቱ ትልቁን ይውሰዱ። መሣሪያው ይህን በመካከለኛ ፍጥነት የሚያደርስ ይሁን፤ በሙሉ ኃይሉ ብቻ የሚያደርስ ከሆነ ይጮኻል፣ የሚጮኸውን ደግሞ ሰው ያጠፋዋል።

ርካሹ ምርጫ በሻወርና በወጥ ቤት የሚስብ ፋን ሆኖ አዲሱ አየር ከመስኮት በላይ ባለ ቀዳዳ የሚገባበት ነው። ይሠራል፤ ግን የተከፈለበትን ሙቀት ወደ ውጭ ይጥላል። በቱቦ የሚሠራው ሙቀት መላሽ መሣሪያ የሚወጣው አየር የሚገባውን እንዲያሞቅ ያደርጋል፤ ጥሩው ከ75 እስከ 90 በመቶ ሙቀት ያስቀራል። ጣሪያው ለእድሳት የሚከፈት ከሆነ ያለ ማመንታት ይህን ይምረጡ። ቱቦ ማለፊያ ከሌለ በግድግዳ የሚገቡ የሴራሚክ መሣሪያዎች አሉ፤ አንዱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲያስወጣ ሌላው ያስገባል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ስለዚህ በጥንድ ይገዛሉ። አቅጣጫቸውን ስለሚገለብጡ ለመጸዳጃ ቤት አይሆኑም፤ እዚያ የራሱ ፋን ይግባ።

ከመሣሪያው ይልቅ ገጠማው ብዙ ያበላሻል። የሚጨማደደው ተጣጣፊ ቱቦ ሲረዝምና ሲታጠፍ አየሩን ያንቃል፤ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የማይታጠፍ ቱቦ፣ ከመኝታ ክፍል በፊትም ድምፅ ማፈኛ ያስገጥሙ። ማስገቢያው ከማስወጫውና ከመኪና ማቆሚያ ይራቅ። በመሣሪያው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የሚወርድበት መስመር ውሃ የያዘ ሲፎን (ሽታ የሚያግድ የታጠፈ ቱቦ) ያስፈልገዋል፤ ከደረቀ መሣሪያው የፍሳሽ ሽታ ይስባል። የወጥ ቤት ጭስ መሳቢያውን ከዚህ ቱቦ ጋር አያገናኙት፤ ቅባቱ ይደፍነዋል። እንጨት የሚነድበት ምድጃ ካለ ደግሞ የሚስብ ፋን ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ሊጎትት ይችላል፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይሞታልና ባለሙያ ይየው፣ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ይሰቀል።

የውስጥ በሮች ከስር 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካልኖራቸው አየሩ ከመኝታ ወደ ሻወር አያልፍም። ሥራው ሲያልቅ በእያንዳንዱ አፍ የሚያልፈው አየር ተለክቶ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ብዙ ገጣሚዎች የሚዘሉት ይህን ነው።

ተከራይ ከሆኑ ቀዳዳውን በፕላስተር አይድፈኑ፣ ፋኑንም ለመብራት ሒሳብ ብለው አያጥፉ። ፊልተሩን በ3 ወር ይዩ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይቀይሩ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ ደህና ነው። በብርዱ ወቅት ከ30 በታች ከወረደ ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ 60ን አልፎ ከቆየ ይጨምሩ፣ ካልወረደ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቁ።