በትንሽ ብር የተሠሩ ጥሩ ፊልሞችን ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ ለብዙዎቻችን ፊልም መፈለግ ማለት ፍላሽ ይዞ ፊልም የሚጭን ልጅ ጋ ሄዶ «አዲስ ምን አለ?» ማለት ነው። አክሽኑን ይጭናል፣ ሆረሩን ይጭናል፣ የኮሪያውን ይጨምራል፣ ፍላሹ ይሞላል፣ አለቀ። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነው ያየሁት። አንድ ሰው ያለ ትልቅ ኩባንያ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በኪሱ የሠራው ፊልም ግን እዚያ አይደርስም። ሄደን መፈለግ አለብን። ፍለጋው ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ስህተት ነው የምንሠራው።

የመጀመሪያው ብሩን ማየት ነው። በጀቱ ትንሽ ነው ሲባል የሚንቅ አለ፤ በጀቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻ የሚያደንቅም አለ። ሁለቱም ፊልሙን አላዩትም። ዛሬ ሆሊውድ ውስጥ ትልልቅ ፊልሞችን የሚያዘጋጀው ክሪስቶፈር ኖላን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን፣ «ፎሎዊንግ»ን፣ የሠራው በ6,000 ዶላር ገደማ ነው። ሁሉም ሥራ ስለነበራቸው የሚቀርጹት ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ዓመት ያህል ፈጀ። ካሜራው ውስጥ የሚገባው የፊልም ጥቅል ውድ ስለነበር ትዕይንቱን ደጋግመው ይለማመዱና አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ይቀርጹታል። ብር ሲያንስ ቦታው ይጠባል፣ ተዋናዩ ይቀንሳል፣ የሚተርፈው ሐሳብና ልምምድ ነው። ስለዚህ «ስንት ፈጀ?» ከማለት «ባለው ነገር ምን ሠራበት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ቀድሜ የማዳምጠው ድምፁን ነው። ምስሉ ቢደበዝዝ ዓይን ይለምደዋል፤ ንግግሩ በነፋስና በመኪና ጩኸት ከተዋጠ ግን ሠሪው ራሱ አልተጨነቀበትም ማለት ነው።

ቀጥሎ፣ በፖስተርና በትሬለር መምረጥ። ትሬለር የሚሠራው ለመሸጥ ነው። ዝም ያለ፣ ቀስ የሚል ፊልም ትሬለሩ ውስጥ ሌላ ነገር መስሎ ይመጣል፣ ከዚያ «ሸወዱኝ» ትላላችሁ። ከፖስተሩ ይልቅ ስም ተከተሉ። የወደዳችሁትን አንድ ፊልም ያዙ፤ ማን አዘጋጀው፣ ማን ቀረጸው፣ ማን አርትዖቱን ሠራው? እነዚያ ሰዎች ሌላ ምን ሠርተዋል? በዚህ መንገድ ብቻ አንድ ፊልም አምስት ፊልም ይወልዳል።

የኮከብ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ሁለት መቶ ሰው ብቻ ድምፅ የሰጠበት ፊልም ላይ ከአሥር 5.4 የሚለው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ሀያዎቹ የሠሪው ዘመዶች፣ ሌሎቹ ዞምቢ ጠብቀው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። መካከለኛ ነጥብ የሰጡ ሰዎች የጻፉትን አንብቡ። «ቆንጆ ነው ግን ምንም አይፈጠርም» ካሉ፣ እንደዚያ ዓይነት ለምትወዱ ሰዎች ትልቅ ጥቆማ ነው።

አሁን እኔን ራሴን ወደሚያናድደኝ ስህተት፦ አሥር ደቂቃ አይቶ መዝጋት። «ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ» የሚባል የጃፓን ፊልም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ። ሺኒቺሮ ኡዌዳ ነው ያዘጋጀው፣ በ3 ሚሊዮን የን ገደማ፣ ማንም በማያውቃቸው ተዋንያን። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ሳይቆረጡ በአንድ ካሜራ የተቀረጹ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መጥፎ ነው የሚመስሉት። ተዋንያኑ ይንተባተባሉ፣ ያለምክንያት ዝም ይባባላሉ፣ ካሜራው መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል። እኔ ሀያኛው ደቂቃ ላይ ዘጋሁት። አንድ የከዚራ ጓደኛዬ ነው «አቦ፣ ምን ነካህ! ቁጭ በልና ጨርሰው!» ብሎ ማታ ቤቱ ጠርቶ ያስጨረሰኝ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም። ያ የጠላሁት ዝምታ፣ ያ የወደቀ ካሜራ፣ እያንዳንዱ ምክንያት ነበረው። ስንጨርስ ተነስቼ ነበር የምስቀው። ፊልሙ በቶኪዮ በትንሽ ሲኒማ ቤት ጀምሮ ከ3 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል። እኔ ግን በ20 ደቂቃ ጥዬው ነበር።

ሁሉንም ታገሡ ማለቴ አይደለም። የሰነፈ ፊልም አለ፣ እሱን ዝጉት። ቢያንስ አርባ ደቂቃ ግን ስጡት።

አጫጭር ፊልሞችን መዝለልም ሌላ ስህተት ነው። አዲስ አዘጋጅ የሚገኘው እዚያ ነው። የእኛው አካባቢ ምሳሌ አለ። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር እ.ኤ.አ. በ2017 «ሐይራት» የምትል አጭር ፊልም አወጣች፤ ሐረር ላይ በየማታው ጅብ ስለሚያበላ ሰው። በ2021 ደግሞ ዓመታት የፈጀባትን፣ ስለ ጫት የሚያወራውን ረጅም ፊልሟን «ፋያ ዳዪ»ን ይዛ መጣች። አጭሯን ያየ ሰው ረጅሙ ሳይወጣ በፊት ስሟን ያውቅ ነበር።

ከዚሁ ፊልም ጋር የሚሄድ ስህተት፦ በቀትር፣ በስልክ፣ ሜሴጅ እየመለሱ ማየት። «ፋያ ዳዪ» ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጭሱ፣ ጭጋጉ፣ ጥላው ነው የሚያወራው። በድሬ ፀሐይ በስልክ ስከፍተው የራሴን ፊት ነው ያየሁት። ሌላ ቀን ማታ፣ መብራት አጥፍተን፣ ከአክስቴ ጋር በቴሌቪዥን አየነው። አክስቴ ወጣት ሳለች አወዳይ ጫት ታስር ነበር። ቅጠሉን የሚለቅሙትን፣ የሚያስሩትን እጆች ስታይ የራሷ ጣቶች ጭኗ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። «ፍጥነቱን አየህ? እንዲህ ነው እኮ» አለችኝ። ኦሮምኛውን ከእኔ ቀድማ እየሰማች ከሥር የሚመጣው የትርጉም ጽሑፍ ሳይወጣ ትነግረኝ ነበር። ለእኔ ቀርፋፋ የነበረው ፊልም ለእሷ ፈጣን ነበር።

ስለ ሽልማት አጭር ነገር ልበል። ፊልሙ ፌስቲቫል ላይ ተመርጧል ወይም ተሸልሟል ለማለት ፖስተር ላይ የሚደረገው የቅጠል አክሊል ሁሉ እኩል አይደለም። የመመዝገቢያ ክፍያ እየሰበሰቡ በየወሩ ለብዙ ሰው «አሸናፊ» የሚያድሉ የኢንተርኔት ፌስቲቫሎች አሉ። ከታወቁት ፌስቲቫሎች ሰንዳንስን፣ ሮተርዳምን፣ ሎካርኖን፣ ከአፍሪካ ደግሞ ቡርኪናፋሶ ዋጋዱጉ የሚካሄደውን ፌስፓኮን ተመልከቱ። ያሸነፈውን ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ፕሮግራሙን አውርዱና ያልተሸለሙትን እዩ።

ሩቅ ሩቁን ብቻ መፈለግም ያስቆጨኛል። ኢትዮጵያዊው አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በአብዮቱ ሰሞን፣ ከአሜሪካ አገር ቤት መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው የቀረጸው። ጥቁርና ነጭ፣ በትንሽ ካሜራ፣ ገበሬውን ራሱን ይዞ። የፈረንጅ አገር ተማሪዎች ቁጭ ብለው ያጠኑታል፣ እኛ ሰፈር ግን ስሙን የሰማ ስንት ሰው አለ?

የመጨረሻው ቴሌግራም ላይ የተሰረቀ ኮፒ ማየት ነው። ለምን እንደምናደርገው አውቃለሁ፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ከእኛ አገር ከባድ ነው። ግን ኮፒው ጥራቱ ወርዶ፣ ዳርና ዳሩ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ ለትንሽ ሠሪ ደግሞ ያ ገንዘብ የሚቀጥለው ፊልሙ ነው። መጀመሪያ ዩቲዩብና ቪሜዮ ላይ ሠሪው ራሱ በነፃ የለቀቀው እንዳለ እዩ፤ ብዙ ጊዜ አለ። ከሌለ ጻፉለት። እኔ አንዴ ለአንድ አዘጋጅ «ከድሬዳዋ ነኝ፣ ፊልምህን እዚህ በምንም መንገድ ማግኘት አልቻልኩም» ብዬ ሁለት መስመር ልኬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሊንኩንና የይለፍ ቃሉን ላከልኝ፤ ከሥሩ «ካየኸው በኋላ ምን እንደተሰማህ ጻፍልኝ» የሚል ነበረው።